ሸራን ማሳጠር፦ የነፋስን ጉልበት የመመጠን ሙያ



ማርች 24 ቀን 1878 (በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዩሪዲስ የተባለች የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከብ አትላንቲክ ውቅያኖስን አቋርጣ ወደ አገሯ ትመለስ ነበር። የማሠልጠኛ መርከብ ናት። ከ300 በላይ ሰው ይዛለች፤ ብዙዎቹ ሙያውን በመማር ላይ ያሉ ወጣቶች ነበሩ። ዕለቱ እሑድ፣ ጊዜው ከቀትር በኋላ ነው። የዋይት ደሴት ገደሎች ከጎን ይታያሉ፤ የፖርትስማውዝ ወደብም ሩቅ አይደለም። መርከቢቱ ሸራዋን በሰፊው ዘርግታለች፣ የመድፍ መስኮቶቿም ተከፍተዋል። ገደሉ ከጀርባው የመጣውን የበረዶ ዐውሎ ጋርዶት ነበር። ዐውሎው ሲመታት ሸራ ቀንሱ የሚለው ትእዛዝ ወጣ፤ ለመፈጸም ግን ጊዜ አልተገኘም። መርከቢቱ በጎኗ ተኛች፣ ውሃው በተከፈቱት መስኮቶች ገባ፣ ወዲያውም ሰጠመች። በሕይወት የተረፉት 2 ሰዎች ብቻ ናቸው።

ዛሬ የምናገረው በዚያ ቀን ጊዜው ስላለፈበት ሥራ ነው። እንግሊዞች ሪፍ ይሉታል። እኔ በአማርኛ ሸራን ማሳጠር እለዋለሁ። ከባሕር ሙያ ቃላት ሁሉ ይህን የመረጥሁት የሰው ልጅ ከእሱ በሚበልጥ ኃይል እንዴት መሥራት እንደ ተማረ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ቃል ስለማላውቅ ነው።

በመጀመሪያ ትርጉሙን እናጥራ። ሸራን ማሳጠር ማለት ሸራው እንደ ተሰቀለ ከስፋቱ ከፊሉን አጥፎ ማሰር፣ የቀረውን ለነፋስ መተው ነው። ሸራን ከማውረድ ይለያል፤ የወረደ ሸራ ሥራ ፈቷል። ሸራን ከመጠቅለልም ይለያል፤ የተጠቀለለ ሸራ በተሰቀለበት እንጨት ላይ ታስሮ ዐርፏል። ያጠረ ሸራ ግን መርከቡን መግፋቱን ይቀጥላል። ነፋስ በበረታበት ቀን መንገድ የወጣች ሴት ነጠላዋን አውልቃ አትጥልም፤ ሰብሰብ አድርጋ፣ ጫፉን ይዛ፣ መንገዷን ትቀጥላለች። ባሕርተኛው በሸራው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ለዚህ ሥራ ሸራው ሲሰፋ ጀምሮ ይዘጋጃል። በወርዱ ከዳር እስከ ዳር ድርብ ጨርቅ ይሰፋበታል፤ በድርቡ ላይ ተራ ቀዳዳዎች ይበጃሉ፤ በየቀዳዳው አጫጭር ገመዶች ያልፉና በሸራው ፊትና ጀርባ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። በዚህ መስመርና በሸራው ጠርዝ መካከል ያለው ጨርቅ አንድ ሪፍ ይባላል። ከመስመሩ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ መስመር ሊኖር ይችላል። በትላልቆቹ የጦር መርከቦች ዋና ዋና ሸራዎች ላይ እስከ አራት መስመር ይሰፋ ነበር። ስለዚህ መርከበኛ «አንድ ሪፍ አስገብተናል» ወይም «ሦስት ሪፍ ላይ ነን» ሲል የሰማው ሌላ መርከበኛ ምን ያህል ሸራ እንደ ቀረና ነፋሱም ምን ያህል እንደ በረታ በአንድ ጊዜ ይረዳል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ለምን እንደሚያስፈልግ እንይ። ነፋስ ተንኮለኛ የሆነው በስሌቱ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ሆኖ አይቀርም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ ይደርሳል። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። በእጥፍ የሚፈጥን ነፋስ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ እጥፍ አየር ይዞ ሸራው ላይ ይደርሳል፤ የሚደርሰው አየር ደግሞ እያንዳንዱ እፍኝ በእጥፍ ፍጥነት ይመታል። እጥፍ በእጥፍ ሲባዛ አራት ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። 30 ካሬ ሜትር ሸራ ያላት አነስተኛ ጀልባ አለች እንበል። የባሕር ሰዎች ፍጥነትን የሚለኩት በኖት ነው፤ 1 ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ነፋሱ 10 ኖት ሲሆን በሸራው ላይ የሚያርፈው ግፊት በግርድፉ 50 ኪሎ ግራም ያህላል። ይህ የአንድ ሰው ክብደት እንኳ ላይሆን ይችላል። ነፋሱ 20 ኖት ሲደርስ 200 ኪሎ ይሆናል። 40 ኖት ሲደርስ 800 ኪሎ ነው። የሸራው ቅርጽና ነፋሱን የሚቀበልበት አቅጣጫ ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ ዝምድናው ግን አይለወጥም። ጠዋት በ10 ኖት ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ 40 ኖት የሚያገኘው ሰው በዚያው ሸራ ላይ አሥራ ስድስት እጥፍ ኃይል ተጭኖበታል።

ይህ ኃይል ጀልባዋን ወደፊት ብቻ ቢገፋ መልካም ነበር። ነገር ግን ነፋስ ከጎን ወይም ከፊት ሰያፍ ሲመጣ አብዛኛው ጉልበት ጀልባዋን ወደ ጎን ለመጣል ይውላል። ሸራው በደቀሉ፣ ማለትም በመርከቡ ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ስለ ተሰቀለ ግፊቱ የሚያርፈው ከውሃው ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ከፍታው እንደ ረጅም መፈንቀያ ያገለግለዋል። ይህን የሚቋቋመው ከጀልባዋ ሆድ በታች ያለው የእርሳስ ወይም የብረት ክብደት ነው፤ እሱም የሚችለው ልክ አለው።

ሸራ ሲያጥር ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይቀላል። ስፋቱ ስለሚቀንስ ግፊቱ ይቀንሳል። የሸራው ራስ ደግሞ ወደ ታች ስለሚወርድ የቀረው ግፊት የሚያርፈው ዝቅ ባለ ቦታ ነው፤ የመፈንቀያው ርዝመት ያጥራል ማለት ነው። ከሸራው ሲሦውን የቀነሰ ሰው ጀልባዋን ከሚያጋድለው ኃይል ከሲሦ በላይ የቀነሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሸራዋን ያሳጠረች ጀልባ ብዙ ጊዜ ካላሳጠረችው ትፈጥናለች። ከልክ በላይ ያጋደለች ጀልባ በውሃ ውስጥ ያለው ቅርጿ ይጣመማል፤ ፊቷን ወደ ነፋሱ ለመመለስ ትታገላለች፤ መሪውን የያዘው ሰው እንዳትዞር መሪውን በኃይል ወደ ሌላ ወገን ይጎትታል። በውሃው ላይ አግድም የቆመ መሪ ፍሬን ነው። ከዚህም በላይ ከታች ያለው ክብደት ከነማቀፊያው ስላዘነበለ ውሃውን በደንብ መያዝ አቅቶት ጀልባዋ ወደ ጎን ትንሸራተታለች። አረፋው ሲፈነጥቅና ገመዱ ሲጮህ በፍጥነት የምትሄድ ትመስላለች እንጂ ጉልበቷ የሚባክነው በትግል ነው። ሸራው ሲያጥር ቀና ትላለች፣ መሪው ይላላል፣ መንገዷም ቀጥ ይላል። በውድድር ላይ ያሉ ቡድኖች ለማሸነፍ ሲሉ ሸራ የሚያሳጥሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ፍርሃት ከመሰለው ሰው ይልቅ ስሌት መሆኑን ያወቀ ሰው ቀድሞ ይደርሳል።

ዛሬ በአነስተኛ ጀልባ ላይ ሥራው ቀላል ነው። ሸራውን የሚወጥረውን ገመድ በማላላት ነፋሱ እንዲያመልጥ ይደረጋል፤ ሸራው እስከ ምልክቱ ድረስ ይወርዳል፤ አዲሱ የታችኛው ጠርዝ በፊትና በኋላ ከአግዳሚው እንጨት ጋር ይታሰራል፤ ሸራው እንደ ገና ይወጠራል። የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች በጥቂት ደቂቃ ይጨርሱታል። በአንዳንድ ጀልባዎች የፊተኛው ሸራ በገመድ ተጎትቶ በራሱ ዘንግ ላይ ይጠቀለላል፤ ማንም ከተቀመጠበት አይነሣም።

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ይህ ከሥራዎች ሁሉ የከበደው ነበር። በትላልቆቹ መርከቦች ሸራዎቹ አራት ማዕዘን ናቸው፤ የተንጠለጠሉትም ደቀሉ ላይ አግድም በተሰቀሉ ረጃጅም ግንዶች ነው። ሸራ ይጠር ሲባል ግንዱ ዝቅ ይደረጋል፣ ሸራው ከነፋሱ ይመለሳል፣ ሰዎቹ በገመድ መሰላል ከ20 ሜትር በላይ ይወጣሉ። ከዚያ ከግንዱ በታች በተዘረጋች አንዲት ገመድ ላይ በእግራቸው ቆመው፣ ሆዳቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈው፣ ወደ ታች አጎንብሰው ጨርቁን በሁለት እጃቸው እየሰበሰቡ ወደ ላይ ይጎትታሉ። ጨርቁ ርጥብ ከሆነ እንደ ሰሌዳ ይገተራል፤ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በኬፕ ሆርን ሲሆን በረዶ ይይዘዋል፣ ጥፍር ይነቅላል። ሌሊት ነው፣ መርከቡ ይወዛወዛል፣ የደቀሉ ጫፍ በሰማይ ላይ ትልቅ ቅስት ይሠራል።

በዚያ ግንድ ላይ ሁሉም ቦታ እኩል አልነበረም። ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ያለው የመጨረሻው ጫፍ ለጎበዙ ሰው የተተወ ነበር። እሱ የሸራውን ጥግ ጎትቶ እስኪያስር ድረስ ሌሎቹ ገመዳቸውን አያስሩም፤ የሁሉም ሥራ በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል። የዚያ ቦታ ክብር በሽልማት የሚሰጥ አልነበረም፤ ቀድሞ የደረሰና የቻለ ይወስደው ነበር። ስለ መርከብ ታሪክ ሲነገር የአዛዦች ስም ይበዛል። ለእኔ ግን የእነዚያን ረጃጅም ጉዞዎች ሸክም የተሸከሙት በግንዱ ጫፍ የነበሩት ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

አጫጭሮቹ ገመዶች የሚታሰሩበት ቋጠሮ ዛሬም ስሙን ይዟል፤ ሪፍ ቋጠሮ ይባላል። ቀኙ በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራው በቀኙ ላይ ይታለፋል። ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፣ አንዱን ጫፍ በኃይል ሲጎትቱት ደግሞ በቶሎ ይፈታል። የመጀመሪያ ርዳታ የተማራችሁ ሰዎች ፋሻ ስታስሩ የምትጠቀሙበት ይኸው ነው። ሁለት ገመድ ለመቀጠል ግን አትመኑት፤ ሊያመልጥ ይችላል። ስሙን ያገኘው ከሸራ ነው፤ በቀላሉ መፈታቱም ለሸራ ጥቅም እንጂ ጉድለት አይደለም፤ ነፋሱ ሲበርድ ያጠረው ሸራ ወዲያው መለቀቅ አለበትና።

ሥራው ብዙ ሰው ስለሚፈልግ የመርከብ ባለቤቶችን ያሳስብ ነበር። የጦር መርከብ በመቶ የሚቆጠር ሰው ይዞ ይሄዳል፤ የንግድ መርከብ ግን ደመወዝ ይቆጥራል። በ1854 ፍሬድሪክ ሆውስ የተባለ አሜሪካዊ የመርከብ አዛዥ ትልቁን ሸራ ለሁለት ከፍሎ በሁለት ግንዶች ላይ የሚሰቅል አሠራር የፈጠራ መብት አገኘበት። ነፋስ ሲበረታ የላይኛው ግንድ ዝቅ ይላል፤ ሸራው በታችኛው ሸራ ይጋረድና ነፋስ ያጣል። ማንም ሰው አንዲት ቋጠሮ ሳያስር የሸራው ስፋት በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። አሠራሩ በፍጥነት ተስፋፋ። ለእኔ ከእንፋሎት ሞተር ፈጠራ ባልተናነሰ ሕይወት ያተረፈ ሐሳብ ነው።

ወደ ጥንቱ ዘመን ስንመለስ ሐሳቡን በሌላ መልክ እናገኘዋለን። የግሪክና የሮማ መርከቦች አራት ማዕዘን ሸራቸው ፊት ለፊት ቀለበቶች በረድፍ ይሰፉበት ነበር። በቀለበቶቹ ውስጥ ገመዶች ከታች ወደ ላይ ያልፋሉ፤ ከመርከቡ ወለል ላይ ሆነው ሲስቧቸው ሸራው ከታች እየተሰበሰበ ወደ ላይ ይወጣል። ሰው ደቀል ላይ መውጣት አያስፈልገውም። በቆጵሮስ ደሴት በኪሬንያ ባሕር ውስጥ የተገኘችው ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረች የንግድ መርከብ እነዚህን ቀለበቶች በእርሳስ ተሠርተው ይዛለች።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ማስረጃ ግን ከቀይ ባሕር የተገኘው ነው። በግብፅ ዳርቻ ሚዮስ ሆርሞስና በረኒኬ የተባሉ ሁለት የሮማ ዘመን ወደቦች ነበሩ። ቁፋሮ ሲደረግባቸው የሸራ ቁራጮች ተገኙ፤ በሚዮስ ሆርሞስ ከእንጨትና ከቀንድ የተሠሩ የሸራ ቀለበቶችም ወጡ። ከሸራዎቹ አንዳንዱ ከጥጥ የተሠራ ነው፤ የሕንድ ጥጥ። በ1ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መምሪያ መንገዱን የሚጀምረው ከእነዚሁ ሁለት ወደቦች ነው፤ ወደ ደቡብ ሲወርድ አዱሊስን ያነሣል፤ ከአዱሊስ ወደ ውስጥ አገር ያለውን የአክሱምን መንገድም ይጠቅሳል። አዱሊስ የነበረችው በዛሬዋ ኤርትራ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ነው። የዝሆን ጥርስ ለመጫን እዚያ መልሕቅ የጣሉት መርከቦች ሸራቸውን የሚሰበስቡት በእነዚህ ቀለበቶች ነበር ማለት ነው። በአክሱም ዘመን የነበረውን የቀይ ባሕር ንግድ በትምህርት ቤት የተማርን ሁሉ ስለ ዝሆን ጥርሱና ስለ ወርቁ ሰምተናል፤ ያን ጭነት ያንቀሳቀሰውን ጨርቅና ገመድ ግን ማንም አላሳየንም። ልጆቻችን ቢማሩት እወዳለሁ።

በዚያው ዘመን የነበረ አንድ ጉዞ ደግሞ ብዙዎቻችሁ በቤተ ክርስቲያን ሰምታችኋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ቅዱስ ጳውሎስን ይዛ ወደ ሮም አቅጣጫ ትጓዝ የነበረችው የእስክንድርያ መርከብ 276 ሰው ይዛ በማዕበል ትያዛለች። ወቅቱ ለመርከብ ጉዞ ያለፈበት ነበር፤ ጳውሎስም አስጠንቅቆ ነበር። ታሪኩን በባሕርተኛ ዐይን አንብቡት። ዐውሎው ሲመጣ የመርከቡን ዕቃ ያወርዳሉ፤ በመጨረሻ ወደ ባሕር ዳር ለመድረስ ሲፈልጉ የሚሰቅሉት ትልቁን ሸራ ሳይሆን የፊቱን ትንሽ ሸራ ነው። ትንሽ ሸራ በበረታ ነፋስ መሪ እንዲታዘዝ የሚበቃውን ጉልበት ብቻ ይሰጣል። የጻፈው ሰው ይህን በዐይኑ እንዳየ ያስታውቃል።

በመካከለኛው ዘመን በሰሜን አውሮፓ አጫጭር ገመዶች ያሉት ሸራ ይታወቅ ነበር። ሪፍ የሚለው ቃልም ከጥንት ስካንዲናቪያውያን ቋንቋ የመጣ ነው። ኋላ ከሸራው ግርጌ በገመድ የሚቀጠልና የሚፈታ ተጨማሪ ጨርቅ ተተካበት፤ በ17ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ገመዶቹ ተመልሰው የመርከብ ሁሉ ልማድ ሆኑ።

የእኛ አካባቢ ባሕርተኞች ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። በምጽዋ፣ በታጁራ፣ በዘይላና በኤደን ይታዩ የነበሩት ሳምቡክ የሚባሉ መርከቦች አንድ ረጅም ሰያፍ ግንድ ላይ የተሰቀለ ሰፊ ሸራ ነበራቸው። ይህ ሸራ እንደ ሌሎቹ እየታጠፈ አያጥርም ነበር፤ ይለወጥ ነበር። ነፋስ ሲበረታ ግንዱ በሙሉ ይወርዳል፣ ትልቁ ሸራ ይፈታል፣ ትንሹ ይታሰራል፣ ግንዱ እንደ ገና ይሰቀላል፤ ይህ ሁሉ በብዙ ሰው ጉልበትና በዜማ ነበር። አለን ቪሊየርስ የተባለ አውስትራሊያዊ መርከበኛ በ1938 እና በ1939 በኩዌት መርከብ ከኤደን እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ሄዶ ይህን ሕይወት በመጽሐፍና በፎቶግራፍ አስቀርቶልናል። እነዚህ ባሕርተኞች ከሁሉ በላይ የሚያከብሩት ወቅትን ነበር። ከሰኔ ጀምሮ የደቡብ ምዕራቡ የክረምት ነፋስ የዐረብ ባሕርን ሲያናውጥ መርከባቸውን ወደብ ውስጥ ያቆዩ ነበር። ለዚያ ነፋስ የሚበቃ አጭር ሸራ እንደሌለ ያውቁ ነበር።

ቻይናውያን ደግሞ ሸራውን በወርዱ ተከታታይ በሆኑ የቀርከሃ ዘንጎች ከፋፈሉት። አንዱን ገመድ ሲለቁት ሸራው በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ከታች ያለው ክፍል ይታጠፋል፣ አለቀ። የሚታሰር ቋጠሮ የለም። አውሮፓውያን ይህን ለመረዳት ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። በ1960 ከእንግሊዝ ፕሊማውዝ እስከ ኒውዮርክ አንድ ሰው ብቻውን በአንድ ጀልባ የሚሄድበት የመጀመሪያው ውድድር ሲካሄድ ብሎንዲ ሃስለር የተባለ የጦር መኮንን ጄስተር በተባለች ትንሽ ጀልባው ላይ የቻይና ዐይነት ሸራ ሰቀለ። ከጀልባዋ ክዳን አንገቱን ብቻ አውጥቶ፣ ወደ ወለሉ ሳይወጣ ሸራውን ያሳጥርና ያረዝም ነበር። አትላንቲክን በ48 ቀን አቋርጦ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው ፍራንሲስ ቺቸስተር የፈጀው 40 ቀን ሲሆን ጀልባው ከጄስተር በብዙ ትበልጥ ነበር። ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ዋናው ጥያቄ ሸራው ምን ያህል ትልቅ ነው የሚለው እንዳልሆነ፣ በሌሊት ደክሞት ሳለ ምን ያህል በቀላሉ ያሳጥረዋል የሚለው እንደሆነ ሃስለር በተግባር አሳየ።

ሸራን ማሳጠር ሁሉን ያድናል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። በኦገስት 1979 ከእንግሊዝ እስከ አየርላንድ ደቡብ ጫፍ በሚደረገው የፋስትኔት ውድድር 303 ጀልባዎች ተነሡ። መንገድ ላይ ከባድ ማዕበል አገኛቸው። 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ፤ 24 ጀልባዎች ሰዎቻቸው ጥለዋቸው ወጡ። ከጀልባዎቹ ብዙዎቹ ሸራቸውን አሳጥረዋል፣ አውርደዋልም፤ የገለበጣቸው ሞገዱ ነው። ሆኖም የባሕር መምህራን ለጀማሪ የሚያስተምሩት የመጀመሪያ ሕግ አልተለወጠም፦ ሸራ ላሳጥር ወይ የሚል ሐሳብ በራስህ ሲመጣ ሰዓቱ ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ደቂቃ ሥራውን ያከብደዋል፤ ስሌቱን ከላይ አይታችኋል። ቀድሞ ያሳጠረ ሰው ተሳስቶ ቢሆን የሚያጣው ጥቂት ፍጥነት ነው፤ ሸራውን መልሶ ይለቀዋል። የዘገየ ሰው ስሕተቱን የሚያርምበት ዕድል ላይኖረው ይችላል።

አሁን ልብ በሉልኝ ወዳልሁት ነገር ልመለስ። ፍራንሲስ ቦፎርት በ1774 አየርላንድ ተወለደ። ገና በ15 ዓመቱ የተሳፈረባት መርከብ በባሕር ካርታ ስሕተት ተሰብራበት ነበር፤ ከዚያ ጀምሮ ዕድሜውን ሁሉ ለትክክለኛ መረጃ ሰጠ። በ1806 ዉልዊች የተባለች መርከብ አዛዥ ሳለ በማስታወሻው ላይ ነፋስን በቁጥር የሚመድብ ሠንጠረዥ ጻፈ። ቁጥር መስጠት በራሱ አዲስ አልነበረም። ጆን ስሚተን የተባለ መሐንዲስ ቀደም ብሎ በ1759 የነፋስ ወፍጮ ክንፎችን እያየ ነፋስን መድቦ ነበር፤ አሌክሳንደር ዳልሪምፕልም ያንን ለመርከበኞች አስተላልፏል። ቦፎርት ግን መለኪያውን ከመርከብ ሸራ ጋር አሰረው።

ችግሩ ምን ነበር? ያን ጊዜ በመርከብ ላይ የሚያገለግል የነፋስ መለኪያ መሣሪያ የለም። አንዱ አዛዥ በማስታወሻው «ኃይለኛ ነፋስ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «መካከለኛ» ይለዋል። ደፋሩ ያሳንሰዋል፣ ፈሪው ያገንነዋል። ሸራ ግን አይዋሽም። በባሕር ኃይሉ ውስጥ ፍሪጌት የሚባሉት የጦር መርከቦች በሥራቸውም በልማዳቸውም ተቀራራቢ ነበሩ፤ በየትኛው ነፋስ ስንት ሪፍ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ የቦፎርት ሠንጠረዥ በመጨረሻው መልኩ እንዲህ ይላል፦ ዜሮ ጸጥታ ነው። ከ2 እስከ 4 ሙሉ ሸራ የዘረጋች መርከብ በስንት ኖት እንደምትሄድ ይነግራል። ቁጥር 6 ከዋናዎቹ ሸራዎች አንድ ሪፍ የሚገባበት ነፋስ ነው። ቁጥር 7 ሁለት ሪፍ፣ ቁጥር 8 ሦስት ሪፍ፣ ቁጥር 9 እስከ መጨረሻው መስመር ያጠረ ሸራ። በ10 እሱንም በጭንቅ ትሸከማለች፤ በ11 የማዕበል ጊዜ ትናንሽ ሸራዎች ብቻ ይቀራሉ። 12 ማንኛውም ሸራ የማይቋቋመው ነፋስ ነው።

ይህ ታላቅ ሐሳብ ነው። ድሃው መርከበኛ በግንድ ጫፍ ቆሞ ያሰረው ቋጠሮ የሳይንስ መለኪያ ሆነ፤ መርከቡ ራሱ መሣሪያ ሆነ። በ1831 መጨረሻ ቢግል የተባለችው መርከብ ቻርልስ ዳርዊንን ይዛ ስትነሣ አዛዥዋ ሮበርት ፊትዝሮይ ነፋስን በዚህ ሠንጠረዥ እየመዘገበ ሄደ። በ1838 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለመርከቦቹ ሁሉ አዘዘው። በዓለም ዙሪያ ያሉ የመርከብ ማስታወሻዎች በአንድ ቋንቋ መናገር የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ የአየር ሁኔታ ተመራማሪዎች ዛሬም የጥንቱን አየር ለማወቅ እነዚያን መዝገቦች ይከፍታሉ።

የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ ሪፍ የሚቆጥር ሰው እያነሰ ሄደ። ቁጥሮቹ ግን አልተጣሉም። የእንግሊዝ የአየር ሁኔታ ባለሙያ ጆርጅ ሲምፕሰን በ1906 ለየብስ የሚሆን ገለጻ አዘጋጀላቸው፤ ኋላም የባሕሩ መልክ፣ የሞገዱና የአረፋው ሁኔታ ተጨመረበት። በየብሱ ገለጻ ቁጥር 5 ቅጠላቸውን የለበሱ ትናንሽ ዛፎች መወዛወዝ የሚጀምሩበት ነው። በ6 ትላልቅ ቅርንጫፎች ይንቀሳቀሳሉ፣ የስልክ ሽቦ ያፏጫል፣ ጃንጥላ መያዝ ያስቸግራል። በ8 ቀንበጥ ይሰበራል፣ በእግር ወደ ነፋሱ መሄድ ይከብዳል። አዲስ አበባ ላይ ሆናችሁ በየካቲትና በመጋቢት ነፋስ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የባሕር ሙያ ተምረው በዓለም መርከቦች ላይ የተሠማሩ ወጣቶቻችን በየዕለቱ የሚሰሙት የባሕር የአየር ትንበያ ነፋሱን ብዙ ጊዜ የሚናገረው በእነዚሁ ከ0 እስከ 12 በሆኑ ቁጥሮች ነው። ማንም ሸራ የማይቋቋመው የተባለው ቁጥር 12 በዛሬው ልክ ከ64 ኖት፣ በሰዓት ከ118 ኪሎ ሜትር ግድም ይጀምራል። በአትላንቲክ ዐውሎ ሃሪኬን የሚባለው ከዚህ ቁጥር ጀምሮ ነው። በዐረብ ባሕርም የሕንድ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት አንድን ሳይክሎን «በጣም ከባድ» ብሎ የሚመድበው ከዚሁ ከ64 ኖት ጀምሮ ነው።